ውጪ የሚያድር ተሳቢ፦ የጣውላ ወለሉን ከዝናብና ከፀሐይ ምን ያድነዋል?

ጫኚ_01

ሰላም ለሁላችሁም።

ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ አለኝ። ሻሲው ጠንካራ ነው፤ ዝገቱም ላይ ላዩን ብቻ ነው። ወለሉ ግን አልቋል። ጣውላው ጠቁሯል፣ አንዳንድ ቦታ ሲረግጡት ይሰምጣል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አንስቼ በአዲስ ልቀይረው ነው። አዲሱ ጣውላ ተገዝቶ ጣሪያ ስር ተደርድሯል። ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥድ ነው። መከላከያ ኬሚካል አልተነከረም።

ተሳቢው መጠለያ የለውም። ክረምት ከበጋ ውጪ ነው የሚያድረው። የሚጭነው አሸዋ፣ ጠጠርና አንዳንዴ በሰንሰለት የሚሄድ ትንሽ የቁፋሮ ማሽን ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ምን ልቀባው? አንዱ የተልባ ዘይት ይላል፣ አንዱ ቫርኒሽ ይላል፣ ሌላው የተቃጠለ ዘይት ይላል። በሥራ ላይ ያያችሁትን ንገሩኝ።

ዳዶና_ቡሎን

ወንድሜ አትጨነቅ፣ የተቃጠለ ዘይት ነው። በናፍጣ ታቀጥነዋለህ፣ በመጥረጊያ ታዳርሰዋለህ፣ አለቀ። የማውቃቸው የከባድ መኪና ሰዎች ሁሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ውሃ ሲያርፍበት እየተንከባለለ ይወርዳል። ወጪውም ምንም ነው።

የእንጨት_ተማሪ

እባክህ ይህን አታድርግ።

የሞተር ዘይት አይደርቅም። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠጥራል። የሞተር ዘይት ግን የተሠራው እንዳይጠጥር ነው። ስለዚህ ጣውላው ውስጥ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጥቂት ጥቂቱ እየታጠበ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ውሃ ይሄዳል። በብዙ አገሮች መሬት ላይ ማፍሰሱ በሕግ የተከለከለው ለዚህ ነው።

ያገለገለ ዘይት ደግሞ እንደ አዲሱ አይደለም። ሞተር ውስጥ በቆየ ቁጥር ከነዳጁ መቃጠል የሚመጡ ካንሰር አምጪ ውህዶችንና የብረት ብናኝ ይሰበስባል። አንተ ደግሞ ወለሉ ላይ ትንበረከካለህ፣ ገመድ ትጎትትበታለህ፣ እጅህን ትደገፍበታለህ። ቆዳህ ላይ ነው የሚቀረው።

ሌላም አለ። ሲረጥብ ክፉኛ ያንሸራትታል፤ ማሽን በሰንሰለት እያወጣህ ይህን አትፈልገውም። በናፍጣ ሲቀጥን ደግሞ እስኪተን ድረስ የእሳት አደጋ ነው። የተፈጥሮ ላስቲክ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ከሁሉ የሚያስቆጨው ደግሞ አንዴ ከተቀባ በኋላ ሌላ ነገር ብትቀባበት አይይዝልህም።

ቀለም_ቀቢዋ

እስማማለሁ። እኔ ደግሞ ስለ ቫርኒሹ ልናገር፣ ሥራዬ ስለሆነ።

ቫርኒሽና የዘይት ቀለም እንጨቱ ላይ ቆዳ ይሠራሉ። በር ላይ፣ መስኮት ላይ በጣም እወደዋለሁ። ወለል ላይ ግን አይሆንም፤ የጭነት ወለል ላይማ ጭራሽ። እንጨት ውሃ ሲጠጣ በወርዱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጠባል። በርዝመቱ ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ከእርጥብ ወደ ደረቅ ሲሄድ በዓይን የሚታይ ሚሊ ሜትር ነው የሚቀንሰው። ቆዳው ይህን ያህል አይለጠጥም። ይሰነጠቃል። ያንተ ጣውላ ላይ ደግሞ ስንጥቁን ጠጠሩና የማሽኑ ሰንሰለት በመጀመሪያው ጭነት ይከፍቱልሃል።

ከዚያ በኋላ ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ ከቆዳው ስር ይሰራጫል፣ መውጫ ግን ያጣል። ላዩ ሲያብለጨልጭ ውስጡ የሞተ ጣውላ ብዙ አይቻለሁ። ለማደስ ስትነሳ ደግሞ መጀመሪያ የተረፈውን መፋቅ አለብህ። ወደ ውስጥ የሚሰርግ ቅብ ሲያረጅ ግን ታጥቦ እላዩ ላይ ይደገማል።

ጫኚ_01

በጣም አመሰግናለሁ። እንግዲያው የተልባ ዘይት ነው ማለት ነው?

አናጢው

ልጄ፣ ቅቡን ለጊዜው አቆየውና አንድ ነገር እይልኝ።

የድሮውን ጣውላ ስታነሳ እያንዳንዱን ገልብጠው። የበሰበሰው የት የት ነው? ከላይ ነው ከታች? መሃሉ ነው ጫፉ? ቡሎኑ ዙሪያስ? ካቻቢቴ ይዘህ ወጋ ወጋ አድርገውና ፈንቅለው። ጤነኛ እንጨት ስትፈነቅለው ረጅም ስንጣሪ ሆኖ፣ ጠጭ እያለ ይነሳል። የበሰበሰው ቅርፍ ብሎ አጭር ሆኖ ይሰበራል። በመዶሻ ስትመታውም ድምፁ የታፈነ ነው።

ያየኸውን እዚሁ ጻፍልን። ስለ ቅቡ ከዚያ እናወራለን።

ጫኚ_01

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ያየሁት ይኸው።

የላዩ ገጽ ግራጫ ሆኗል፣ ቀጫጭን ስንጥቅ አለው። ነገር ግን በመሮ ጠረብ ሳደርገው ከስሩ ቢጫና ጤነኛ እንጨት ነው። የበሰበሰው ሌላ ቦታ ነው። ጣውላው አግዳሚ ብረቶቹ ላይ የተኛበት ሁሉ ከታች በኩል ጥቁር መስመር ሠርቷል፤ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ይገባል። ቡሎኖቹ ዙሪያም እንዲሁ ነው። የኋላው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ዱቄት ሆኗል። ፊት ለፊት ደግሞ የማዕዘን ብረቱ ጣውላውን የሸፈነበት ቦታ አለ፣ እዚያ ውስጥ የረጠበ አፈር ታጭቆ አገኘሁ። በብረቶቹ መካከል ያለው የጣውላ ክፍል ግን አሁንም መጋዝ የሚያደክም እንጨት ነው።

አናጢው

ጥሩ አድርገህ አየህ። ታዲያ ወለልህን የጨረሰው ወርዶ መውጫ ያጣ ውሃ ነው።

እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው። ፈንገስ ምግብ፣ አየር፣ ሙቀትና ውሃ ይፈልጋል። ምግቡ ራሱ እንጨቱ ነው። አየሩንና ሙቀቱን ልትከለክለው አትችልም። የምትይዘው ውሃውን ብቻ ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገሱ አያድግም። ወደ 30 በመቶ ደርሶ እዚያው ከሰነበተ ግን ሠርግና ምላሽ ይሆንለታል። ቁም ነገሩ ጣውላው መርጠቡ ላይ ሳይሆን ቶሎ አለመድረቁ ላይ ነው። የላዩ ገጽ ይርሳል፣ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው ይደርቃል። ብረት ላይ የተኛው ገጽ ግን ማን ያደርቀዋል?

ያ ግራጫ ቀለም ሰውን ያስደነግጣል። ፀሐይ እንጨቱን አጣብቆ የያዘውን ነገር ላይ ላዩን ታቃጥለዋለች፣ ዝናብ ያጥበዋል። እንደ ጥድ ባለ ለስላሳ እንጨት ላይ በዚህ መንገድ የሚበላው በ100 ዓመት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንተ 5 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ነው ያለህ። ሰው ሁሉ ቅቡን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው፤ የታችኛውን ገጽና ጫፉን ዞር ብሎ አያይም።

ጫፉን ነው በተለይ የምነግርህ። ተሻግረህ የቆረጥከው ጫፍ ማለት እንደ ታሰረ ሸምበቆ ነው፤ ቀዳዳው ሁሉ ወደ ውጭ ተከፍቷል። ከገጹ ይልቅ ብዙ እጥፍ ውሃ ይጠጣል። ቡሎን ለማስገባት የበሳኸውም ቀዳዳ ግድግዳው ያው የተቆረጠ ጫፍ ነው። ስለዚህ ያየኸው መበስበስ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው።

እንዲህ አድርግ። ጣውላውን በሙሉ መጀመሪያ ልክ አስገባ። ቁረጠው፣ በትራፓኖ ብሳው፣ ቦታው ላይ ደርድረህ ሞክረው። ከዚያ መልሰህ አውጣው። ቅቡ የሚጀምረው ያኔ ነው። ላይ፣ ታች፣ ሁለቱ ጎን፣ ሁለቱ ጫፍ፣ የቀዳዳዎቹም ውስጥ። ቅቡን ቆርቆሮ ውስጥ አፍስሰህ ጫፎቹን ንከራቸውና አቁማቸው፤ መጠጣት እስኪያቆሙ ደጋግም። ቀብተህ ከጨረስክ በኋላ የምትቆርጣት ትንሽ ቁራጭ እንኳ ብትኖር ጫፏ እንደገና ይቀባ።

የእንጨት_ተማሪ

ጋሼ አናጢው ያሉት ላይ የምጨምረው አለ።

ዘይት ውሃን ያዘገያል እንጂ ፈንገስን አይገድልም። የጥድ ነጩ ክፍል ደግሞ ለመበስበስ በጣም የተጋለጠ ነው። በእርግጥ የማንኛውም ዛፍ ነጩ ክፍል እንደዚያው ነው፤ የሚቆየው የመሃሉ ጠቆር ያለው ነው። ስለዚህ ከዘይቱ በፊት መከላከያ ቢገባበት ጥሩ ነው።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የቦሮን ጨው ነው። በውሃ ተሟሙቶ ይረጫል፣ በእንጨቱ እርጥበት እየተሳበ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ፈንገስንም ምስጥንም ይይዛል። ጉድለቱ በዝናብ ታጥቦ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ውሃ የሚመልስ ነገር ሊቀባበት የግድ ነው። ሁለተኛው ኮፐር ናፍቴኔት የሚባል መዳብ ያለበት መከላከያ ነው፤ አረንጓዴ ነው፣ ይሸታል፣ በውሃ ግን በቀላሉ አይታጠብም። እኔ ብሆን ለጫፎቹ፣ ለቀዳዳዎቹና ብረት ለሚነካው ገጽ ይህን እመርጣለሁ። ጓንት አድርግ። ጣሳው ላይ የተጻፈውንም አንብብ፤ የትኛው ቅብ እላዩ እንደሚይዝ እዚያ ይነገርሃል።

ሌላ አንባቢ ካለ ደግሞ፣ ጣውላውን ገና ያልገዛችሁ ሰዎች በፋብሪካ በግፊት የተነከረ ማግኘት ከቻላችሁ ይህ ሁሉ ድካም ይቀንሳል። ከፋብሪካ እርጥብ ሆኖ ነው የሚመጣውና ግን ወዲያው አትቀቡት። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት። ውሃው ከሰረገ ለቅብ ደርሷል፤ ቁጭ ካለ ገና ነው።

ብየዳ_ቤት

የብረቱን ነገር ለእኔ ተዉት።

ጣውላው ከተነሳ አይቀር ሻሲውን አሁን ካላጸዳኸው መቼም አታጸዳውም። የአግዳሚ ብረቶቹን የላይ ገጽ በሽቦ ብሩሽ ፋቀው፣ አንቲረስት ምታው፣ ከዚያ ቀለም። የበሰበሰ እንጨትና የዛገ ብረት አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። እንጨቱ ውሃውን ብረቱ ላይ ይይዛል፣ ዝገቱ ደግሞ በዙሪያው ያለውን እንጨት ያዳክማል። አሮጌ ቡሎን ዙሪያ የምታየው ጥቁር ቀለበት እሱ ነው። ብርድ ሌሊት ብረት ላይ ጤዛ ስለሚቋጥር ዝናብ ባይኖር እንኳ ያ ቦታ ይረጥባል።

ስለዚህ በብረቱና በጣውላው መካከል ሬንጅነት ያለው ተለጣፊ ፕላስተር አድርግ። የጣሪያ ሥራ ላይ የምትጠቀምበት ዓይነት ማለቴ ነው። ወርዱ ከብረቱ ገጽ ትንሽ ሰፋ ይበል፣ ትርፉን በሁለቱም ጎን ወደ ታች እጠፈው። ውሃው በእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል። ጠርዙ ወደ ላይ ከተቀለበሰ ግን ውሃ ማጠራቀሚያ ሠራህ ማለት ነው፣ ባይኖር ይሻል ነበር።

ቡሎኑ ዚንክ የተነከረ ይሁን። የተነከረ ስልህ ወፈር ያለ፣ ግራጫና ደብዘዝ ያለ ልባስ ማለቴ ነው፤ ያ የሚያብለጨልጨው ስስ ልባስ ቶሎ ያልቃል። ጣውላው የመዳብ መከላከያ ካለው ደግሞ ባዶ ብረት ጨርሶ አታስገባበት። መዳብ ብረትን ያስበላል። ጭንቅላቱ ክብ የሆነ ቡሎን ከላይ፣ ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ ከታች። ጭንቅላቱን ለመቅበር ጣውላውን በጥልቀት አትብሳው። ያቺ ጎድጓዳ ቦታ ውሃ ትይዛለች።

የማዕዘን ብረቱን ነገር አልረሳሁትም። አፈር የታጨቀበትን ማለቴ ነው። ግርጌው ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ብሳበት። ጣቴ የሚገባባት ያህል ሰፊ ብትሆን በሽቦ ለመጥረግም ትመቻለች።

ጫኚ_01

ይህ ሁሉ ግልጽ ነው። ክፍተቱስ? በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ልተው ወይስ ገጥሜ ልደርድራቸው?

አናጢው

ደረቅ ጣውላ ከሆነ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ተው። ሲያብጥ ቦታ ያገኛል፣ ውሃውም ይወርዳል፣ ነፋስም ያልፋል። እርጥብ ጣውላ ከሆነ ገጥመህ ደርድረው፤ ሲደርቅ ራሱ ክፍተቱን ይሠራል።

ዳዶና_ቡሎን

ጋሼ፣ ሰውየው እኮ አሸዋ ነው የሚጭነው። ክፍተት ከተወ ግማሹ መንገድ ላይ ያልቃል። ከኋላው የሚመጣውን መኪና መስታወትም ይሰብራል።

ብየዳ_ቤት

ዳዶና_ቡሎን ልክ ነው። እኔም እዚህ ላይ ከጋሼ እለያለሁ። አሸዋ ለሚጭን ተሳቢ ገጥሞ መደርደር ነው። በምትኩ ዝቅ ባለው በኩል መውጫ ቀዳዳ ይበሳ፣ ከተራገፈ በኋላም ወለሉ ይጠረግ።

አናጢው

ገጥመህ ከደረደርከው ውሃው ዝቅ ወዳለው ቦታ ከመድረሱ በፊት በመገጣጠሚያው መግባቱ አይቀርም። ገብቶ ደግሞ ከአሸዋ ጋር እዚያው ይታጨቃል። እኔ አሁንም ክፍተቱ ይኑር ባይ ነኝ። አሸዋ በጫንክ ቀን ሸራ ወለሉ ላይ አንጥፍ፣ ስታራግፍ አንሳው። ክፍተቶቹን ደግሞ በቀጭን ብረት ጫር ጫር አድርጋቸው፣ ጠጠር ተሰክቶባቸው እንዳይቀር። ብየዳ_ቤት፣ ያንተንም ምክንያት አልንቅም። ልጁ ሥራውን ያውቃል፣ ይወስን።

ትንሿ_ተሳቢ

ይቅርታ መሃል ገባሁ። የእኔ ተሳቢ ትንሽ ናት፣ ወለሏም ፕላይውድ ነው። ጠርዙ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ መለያየት ጀምሯል። ላዩ ደህና ነው። ይተርፋል?

አናጢው

እህቴ፣ ፕላይውድ ሁልጊዜም የሚሞተው ከጠርዙ ነው። የተለያየው ቦታ ጠባብ ከሆነ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቂ፣ ሙጫው የላላበትን ድረስ ቆርጠሽ ጣይ፣ አዲሱን ጠርዝ በቀጭን ኤፖክሲ ደጋግመሽ አጠጪው። ሙጫው ውሃ የማይፈራ ዓይነት ካልሆነ ግን ምንም ብትቀቢው ጊዜ መግዛት ነው። ስትቀይሪው ለውጭ የተሠራውን ዓይነት ጠይቂ። ላዩ ጥቁርና ሸካራ ሽፋን ያለው ለተሳቢ ወለል ጥሩ ነው፤ ጠርዙንና የምትበሺውን ቀዳዳ ሁሉ ግን ራስሽ ማሸግ አለብሽ።

ጫኚ_01

አሁን ወደ ቅቡ እንመለስ? የተልባ ዘይቱን ብዙ ሰው ይለኛል።

ቀለም_ቀቢዋ

እንመለስ፣ በደስታ።

የተልባ ዘይት ሁለት ዓይነት ነው። ጥሬው ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው ማድረቂያ የተጨመረበት ነው፤ ለአንተ የሚሆነው ይኸኛው ነው። ግን ብቻውን ውጭ ላይ አልመክርም። ሻጋታ ይመገበዋል። ከጊዜ በኋላ ጥቁር ነጠብጣብ እያወጣ ይመጣል። ፀሐይንም አይከላከልም። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ማዲሰን የሚገኘው የደን ውጤቶች ምርምር ላቦራቶሪ ለውጭ እንጨት አንድ ቀመር አዘጋጅቶ ነበር። መሠረቱ የተፈላ የተልባ ዘይት ነው። ነገር ግን ውሃ እንዲመልስ ሰም፣ ሻጋታ እንዲይዝ መከላከያ፣ ፀሐይ እንዲጋርድ ቀለም ሰጪ ዱቄት ጨምረውበታል። ያኔ የተጠቀሙበት መከላከያ መርዛማነቱ ታውቆ ዛሬ ተትቷል። ሐሳቡ ግን እስካሁን ይሠራል፤ ዘይቱ ተሸካሚ ነው፣ ሥራውን የሚሠሩት ሌሎቹ ናቸው።

ስለዚህ ለውጭ ወለል ተብሎ የተዘጋጀ፣ ወደ ውስጥ የሚሰርግ፣ ቀለም ያለው ዘይት ፈልግ። «ቀለም ያለው» የሚለውን አትለፈው። ጥርት ያለው ያምራል፣ ግን ፀሐይን የሚያግደው ቀለሙ ነው።

አቀባቡ ላይ ሰው የሚቸኩልበት ቦታ አለ። ጣውላው ደረቅ ይሁን። ጣሳዎቹ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ዝናብ የሌለበት አንድ ቀን ይጠይቃሉ። በቀትር ፀሐይ አትቀባ፤ ሳይሰርግ ላዩ ይደርቃል። ጣውላው በጣም ለስላሳ ሆኖ ከተላገ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት አንዴ እለፍበት፣ መጠጣት ይችላል። ስስ አድርገህ ቀባ። ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ ላዩ ላይ የቀረውን በጨርቅ ጥረገው። ያልሰረገ ዘይት ከተተወ እንደ ሙጫ ይሆንና አሸዋውን ሁሉ ይሰበስባል።

አሁን የምለውን ግን ሁላችሁም ስሙኝ። ያንን ጨርቅ ጨምቃችሁ ጥግ ላይ እንዳትጥሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። የተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ጨርቁም ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። በዚህ ምክንያት ቤትና መጋዘን ተቃጥሏል። ጨርቁን ውጭ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ካልሆነም ውሃ የሞላ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። ሰጋቱራ በዘይት ከረሰም እንደዚያው ነው።

ዳዶና_ቡሎን

እሺ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጣውላው ቀድሞ የተቃጠለ ዘይት የጠጣ ከሆነስ? መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው?

ቀለም_ቀቢዋ

እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ መቀየር የለበትም። ቅባት በሚያነሳ ሳሙናና በጠንካራ ብሩሽ እሸው፤ ያጠብክበትን ውሃ ግን መሬት ላይ አትልቀቀው፣ በሰጋቱራ አስመጥተህ ከዘይት ቆሻሻ ጋር አስወግደው። ሲደርቅ ውሃ ጠብ አድርግበት። ከሰረገ አዲሱን ዘይት በትንሽ ቦታ ሞክር። ካልሰረገ እንደገና እጠበው ወይም ጊዜ ስጠው። ሳይሰርግ ብትቀባ ላዩ ላይ ይላጥብሃል።

ዳዶና_ቡሎን

እሞክረዋለሁ። አመሰግናለሁ እህቴ።

ትንሿ_ተሳቢ

እንጨቱን አክስሎ መጠቀም የሚባል የጃፓን ዘዴ አለ፣ ለዚህ አይሆንም?

አናጢው

እሱ ለግድግዳ ነው። ከሰሉ ስስ ነው፤ ጎማና ጠጠር ወዲያው ያነሱታል።

ጫኚ_01

ሸራስ? ተሳቢው በቆመ ጊዜ ሁሉ በሸራ ጥፍር አድርጌ ባለብሰው ዝናቡ ጨርሶ አይነካውም።

ብየዳ_ቤት

ጥፍር አድርገህ ማልበሱን አትሞክረው። ከመሬት የሚነሳው እርጥበት ሸራው ስር ይታፈናል፣ ሌሊት ጤዛ ሆኖ መልሶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። የረጠበ ወለል ላይ ካለበስክማ የባሰ ነው። መሃል ላይ አንድ እንጨት አቁመህ እንደ ድንኳን ከፍ አድርገው፣ ውሃ እንዳያቁር። ፊትና ኋላው ክፍት ይሁን፣ ነፋስ ይለፍ።

ሸራ ባይኖርህ እንኳ አቋቋሙ ብዙ ይረዳል። ረጅም ሣር ላይ አታቁመው፤ ሣሩ እርጥበቱን ወደ ላይ ይተነፍስበታል። ጠጠር ወይም ኮንክሪት ላይ ይሁን። የፊት እግሩን በክሪክ ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ውሃው ወደ ኋላ ይፈስሳል። ጎማውን በታኮ ማስያዝ እንዳትረሳ።

የእንጨት_ተማሪ

ቅጠልና የረጠበ አፈርም ተጭኖ አይደር። ለጣውላ ከዝናቡ የከፋው እሱ ነው። አንድ ዝናብ ይዘንምና ያልፋል፤ የተከመረ ቅጠል ግን ውሃውን ለሳምንት ይዞ ይቀመጣል።

ጫኚ_01

የመጨረሻ ሁለት ጥያቄ። የድሮውን ጣውላ ጤነኛውን ክፍል ለማገዶ ልጠቀምበት አስቤያለሁ። ችግር አለው? ሁለተኛው፣ ቀብቼ ስጨርስ መቼ መጫን እችላለሁ፣ መቼስ ነው የሚደገመው?

የእንጨት_ተማሪ

ማገዶውን ተወው። ጣውላው ምን እንደተነከረ አታውቅም። ቀደም ባለው ጊዜ ለውጭ እንጨት በሰፊው ይሠራበት የነበረው መከላከያ መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ የያዘ ነው። በአሜሪካ ፋብሪካዎቹ በ2003 መጨረሻ ላይ ለመኖሪያ ቤት እንጨት መጠቀሙን አቁመዋል፤ አሮጌው እንጨት ግን ገና በየቦታው አለ። ሲቃጠል አርሴኒኩ በጭሱም በአመዱም ውስጥ ነው። ምግብ የሚበስልበት እሳት ውስጥ እንዳይገባ። ለከብት መኝታ የሚሆን ሰጋቱራም አይወጣውም። ስትቆርጠው አፍና አፍንጫህን ሸፍን።

አናጢው

ልጄ፣ ያው ጣውላ ሊያገለግልህ ይችላል። ጤነኛውን ቁራጭ ለይተህ ማሽን በምታወጣበት ጊዜ ከሰንሰለቱ ስር አንጥፈው። መውጊያውን እሱ ይቀበልልሃል፣ አዲሱ ወለል ይተርፋል። ሥራው ሲያልቅ ግን አንሳው። ተኝቶ ካደረ ውሃ ከስሩ ይይዛል።

ጫኚ_01

ይህን አላሰብኩትም ነበር ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ማገዶው ገባኝ፣ አይነካም።

እንግዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። ሻሲውን አጸዳና አንቲረስት እመታለሁ፣ ማዕዘን ብረቱ ላይ መውጫ ቀዳዳ እበሳለሁ። ጣውላውን ቆርጬ፣ በስቼ፣ ሞክሬ አወጣዋለሁ። ጫፉንና ቀዳዳውን በአረንጓዴው መከላከያ፣ ከደረቀ በኋላ ስድስቱንም ገጽ ቀለም ባለው ዘይት። ብረቱ ላይ ፕላስተሩን ጠርዙን ወደ ታች አጥፌ። ክፍተቱን በተመለከተ የጋሼን ነው የወሰድኩት፤ አሸዋ ስጭን ሸራ አነጥፋለሁ።

ቀለም_ቀቢዋ

በጣም ጥሩ። አንድ ማስተካከያ ብቻ፦ አረንጓዴው መከላከያ እላዩ ላይ ቅብ የሚይዘው ማቅጠኛው ሙሉ በሙሉ ሲተን ነው። ሽታው እስኪጠፋ ጠብቅ። ስትገዛም ሁለቱ አብረው ይሄዱ እንደሆነ ጣሳዎቹን አንብብ፣ ቁራጭ ላይም ሞክር።

መቼ ትጭናለህ ላልከው፣ የሚረገጥበትና ጭነት የሚሸከምበት ጊዜ ይለያያል። በእጅህ ስትጫነው ምንም የማይጣበቅህ፣ ጨርቅ ስታሽበት ቀለም የማይወጣው ሲሆን ነው። ብርድ ከሆነ ወይም አየሩ እርጥብ ከሆነ ይዘገያል። ሁለተኛውን ዙር የምትቀባው ጣውላው ከጠጣልህ ብቻ ነው።

ለመድገሙ ደግሞ በቀን መቁጠሪያ አትሂድ። ማሽኑ የሚሄድበት መስመር ከጎኑ ቀድሞ ያረጃል። ውሃ ጠብ አድርግና ተመልከት፤ ነጠብጣቡ ከተዘረጋና ጣውላው ከጠቆረ ያንን መስመር ብቻ አጥበህ፣ አድርቀህ ቀባው። የኋላውን ጫፍ ግን ሳትጠብቅ በየዓመቱ ድገምለት። ጎንበስ ብለህ ከስር በኩልም እየው።